አሸናፊ የሌለበት የጡብ ጨዋታ፤ ተጫዋቾቹስ ምን ይላሉ?

ቤት መቀየር የሚጠቅመው አንድ ነገር ቢኖር የጠፋ ዕቃ ማስገኘቱ ነው። በቅርቡ ከገርጂ ወደ አያት ስንዛወር ባለቤቴ «ይኼን ኮተት ካልጣልከው መኪናው ላይ አይጫንም!» ብላ ያስጠነቀቀችኝን ካርቶን ስበረብር፣ ቻርጀራቸው ከጠፋ ሦስት ስልኮችና የየትኛው በር እንደሆነ ከማይታወቅ የቁልፍ እስር ሥር አንዲት ግራጫ ፕላስቲክ አገኘሁ። ከላይ ትንሽ መስኮት፣ ከታች የተፋቁ ቢጫ መጫኛዎች፣ ግንባሯ ላይ ደግሞ «9999 በ1» የሚል ጽሑፍ። ብሪክ ጌም!

በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ለነበረ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለማያውቋት ግን እነሆ፦ ከላይ ልዩ ልዩ ቅርጽ ያላቸው ጡቦች አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ተጫዋቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየገፋ፣ እያዞረ ከታች ይደረድራቸዋል። አንድ ረድፍ ያለ ክፍተት ሲሞላ ይጠፋል፤ ካልሞላ ባለበት ይቆያል። ክምሩ ጣሪያውን የነካ ዕለት ጨዋታው አበቃ። በቃ፣ ይኸው ነው። የጨዋታው ትክክለኛ ስም ቴትሪስ ነው። «9999» የሚለውን ቁጥር ግን አትመኑት፤ ጥቂት ጨዋታዎችን በፍጥነትና በደረጃ እያባዛ የሚቆጥር የነጋዴ ሒሳብ ነው።

ከሱቅ ሁለት ቀጫጭን የባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ስከታት፣ ከስንት ዓመት እንቅልፏ ነቅታ ያችን የምታደነቁር ዜማዋን ለቀቀችው። የ12 ዓመት ልጄ ሙዚየም ውስጥ ያለ ዕቃ እንደምታይ ሁሉ አገላብጣ አየቻትና ጀመረች። አራት ደቂቃ አልቆየችም፤ ጣሪያው ሞላ። ሁለተኛ ሞከረች፣ ሦስተኛ ሞከረች። ከዚያ ቀና ብላ «አባዬ፣ ይኼ ጌም መጨረሻው ምንድን ነው? ምን ስታደርግ ነው የምታሸንፈው?» አለችኝ።

«አታሸንፊውም» አልኳት። «ቆይተሽ ትሸነፊያለሽ እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ትጫወቱት ነበር?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መልስ አልነበረኝም። በዚህች ፕላስቲክ ላይ ያጠፋሁት የክረምት ብዛት ትዝ ሲለኝ ደግሞ ነገሩ የልጅ ጥያቄ ብቻ አልመስል አለኝ። እንግዲህ መልሱን ከሌሎች ተጫዋቾች ለመሰብሰብ ወሰንኩ። ከዚያ በፊት ግን ጨዋታው ራሱ ከየት እንደመጣ ጥቂት እንበል።

ከሞስኮ እስከ ሠፈራችን

ቴትሪስን የፈጠረው አሌክሲ ፓጂትኖቭ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1984 በሞስኮ፣ በሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ የኮምፒውተር ማዕከል ይሠራ የነበረ ባለሙያ ነው። መነሻ የሆነው አምስት አምስት ካሬዎች ተያይዘው የሚሠሩ 12 ቅርጾችን ሣጥን ውስጥ የመግጠም የቆየ እንቆቅልሽ ነበር። ፓጂትኖቭ አምስቱን ካሬ ወደ አራት ቀነሰና ቅርጾቹን ከላይ እንዲወርዱ አደረገ። ይሠራበት የነበረው «ኤሌክትሮኒካ 60» የተባለ ኮምፒውተር ሥዕል ማሳየት ስለማይችል ጡቦቹን የሠራቸው ከቅንፍ ምልክት ነበር። ስሙንም በግሪክ አራት ማለት ከሆነው «ቴትራ» እና ከሚወደው ቴኒስ አዳቅሎ አወጣው። ብዙም ሳይቆይ ቫዲም ገራሲሞቭ የተባለ የ16 ዓመት ተማሪ ጨዋታውን ወደ አይቢኤም ኮምፒውተር አሻገረው።

ዓለምን ያዳረሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። የጃፓኑ ኒንቴንዶ «ጌም ቦይ» የተባለውን በእጅ የሚያዝ መጫወቻ ሲያወጣ በአሜሪካ ገበያ ቴትሪስን ከውስጡ ጨምሮ ሸጠው። የጌም ቦዩ ቴትሪስ ብቻውን ወደ 35 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጧል። ፈጣሪው ግን ለዓመታት ሳንቲም አላገኘበትም፤ መብቱ በሶቪየት መንግሥት እጅ ነበርና ገቢው ወደ እርሱ መምጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

እኛ እጅ የገባው ጌም ቦይ አይደለም። ጌም ቦይ ከውጭ ዘመድ ላለው ነበር። እኛ የደረሰን ማንንም ሳያስፈቅዱ አስመስለው የሠሩት የሩቅ ምሥራቅ ፋብሪካዎች ምርት የሆነው ብሪክ ጌም ነው። ዋናው ወጪ ዕቃው ሳይሆን ድንጋዩ ነበር። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ካልሆነ በጥርሳችን ነክሰን እናስገባዋለን። ነፍስ ይዘራና አንድ ዙር ያጫውተናል። ኋላ ላይ ሞባይል ሲመጣ ኖኪያ ላይ የነበረው እባብ ጨዋታ ቦታውን ወሰደው። እሱም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ፣ እንደ ቴትሪስ ሁሉ መጨረሻው መጋጨት የሆነ ጨዋታ ነው።

ኢንጂነሩ፦ «የሚገድልህ ከሥር ያለው ቀዳዳ ነው»

መሥሪያ ቤታችን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ነው። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ጨዋታዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተራ ተያዘ። የደረጃ ዕድገት ያልሳባቸው ሰዎች ሁሉ ተሰበሰቡ ብል ማጋነን አይሆንም። ሁሉም «ከባድ ናት» ይላል፤ ለምን ከባድ እንደሆነች ሲጠየቅ ግን እያንዳንዱ የየራሱን አመጣ።

መጀመሪያ የተናገረው የግንባታ ኢንጂነር የሆነው ባልደረባችን ነው። «ሰው ሁሉ ፍጥነቱን ይወቅሳል» አለ። «ፍጥነቱ አይደለም። የሚገድልህ ከሥር ሸፍነኸው ያለፍከው ቀዳዳ ነው። የመጀመሪያው ወለል ላይ የሠራኸውን ስህተት አሥረኛው ወለል ላይ ሆነህ አትጠግነውም።»

ነገሩ እውነት ነው። መስኮቱ አሥር ካሬ ስፋትና ሃያ ካሬ ቁመት አለው። አንድ ቀዳዳ ከላይ ከተሸፈነ ያ ረድፍ አይጠፋም። ለመክፈት በላዩ ያሉትን ረድፎች አንድ በአንድ ሞልቶ ማጥፋት ያስፈልጋል። እስከዚያው ደግሞ ጣሪያው ዝቅ ያለብህ ያህል ነው፤ ሃያ የነበረው ቁመት አሥራ ስምንት፣ አሥራ አምስት እያለ ይሄዳል።

ኢንጂነሩ በዚህ አላበቃም፤ ሶፍት ስቦ ላዩ ላይ መሣል ጀመረ። ጡቦቹ ሰባት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው አራት ካሬ፣ ድምሩ 28። «እነዚህን ሰባት ጡቦች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅማችሁ 4 በ7 የሆነ አራት ማዕዘን ሙሉልኝ» አለ። ሒሳቡ ልክ ይመጣል፤ 4 ጊዜ 7 እኩል 28። ግማሽ ሰዓት ታገልን። አልሆነም።

ለካ አይቻልም! ምክንያቱን በዳማ ሰሌዳ አስረዳን። አራት ማዕዘኑን እንደ ዳማ ጥቁርና ነጭ ብንቀባው 14 ጥቁርና 14 ነጭ ይኖረዋል። ስድስቱ ጡቦች የትም ቢያርፉ ሁለት ጥቁርና ሁለት ነጭ ይሸፍናሉ። አንዷ፣ ያቺ መሐሏ ላይ ጉብ ያለባት፣ ግን ሦስት ከአንዱ ቀለም አንድ ከሌላው ትይዛለች። ስለዚህ ድምሩ 15 ለ13 እንጂ 14 ለ14 ሊሆን አይችልም። «አያችሁ» አለ ሶፍቱን እያጣጠፈ፣ «ጡቦቹ ራሳቸው እንዲገጥሙ ተደርገው አልተሠሩም። ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይተርፋል።»

ሰባት የሆኑትም በዚሁ ጠባያቸው ነው። አራት ካሬ ተያይዞ የሚሠራው ቅርጽ እንደ ወረቀት ቢገለበጥ አምስት ብቻ ነው። ጨዋታው ግን ማዞር እንጂ መገልበጥ አይፈቅድም። በመሆኑም እንደ ግራና ቀኝ ጫማ አንዱ በሌላው ቦታ የማይገቡ ሁለት ጥንዶች ይፈጠራሉ። በእኛ ሠፈር «ጠማማዎቹ» የምንላቸው ሁለቱ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ «ስግብግብነት ነው»

ከሒሳብ ክፍል የመጣችው ባልደረባችን በኢንጂነሩ አልተስማማችም። «እኔ ቀዳዳ አልተውም፤ ግን እሸነፋለሁ» አለች። «የሚያሸንፈኝ ዱላዋን ስጠብቅ ነው።»

ዱላ የምንላት አራቱም ካሬ በአንድ መስመር የተደረደሩባት ቀጥ ያለችዋን ጡብ ነው። አራት ረድፍ በአንድ ጊዜ ማጥፋት የምትችለው እሷ ብቻ ናት። የነጥብ አሰጣጡን እንይ። በጌም ቦዩ መነሻ ደረጃ አንድ ረድፍ 40 ነጥብ፣ ሁለት 100፣ ሦስት 300፣ አራት በአንዴ ደግሞ 1200 ያስገኛል። አራት ረድፍ አንድ በአንድ ያጠፋ 160 ነጥብ ሲያገኝ፣ ታግሦ በአንዴ ያጠፋው ሰባት እጥፍ ተኩል ያፍሳል። ስለዚህ ተጫዋች ሁሉ ጥግ ላይ አንድ ቀጭን ጉድጓድ ትቶ ዱላዋን ይጠብቃል።

ዱላዋስ መቼ ትመጣለች? ሰባቱ ጡቦች እኩል ዕድል ቢኖራቸው በአማካይ ከሰባት አንዷ ዱላ ናት። ነገር ግን አማካይ አማካይ ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ካልኩሌተሯን አውጥታ ስድስት ሰባተኛን ሃያ ጊዜ አባዛችው። በተከታታይ ሃያ ጡቦች ውስጥ አንድም ዱላ ያለመምጣት ዕድሉ ከ100 ወደ 5 ይጠጋል። ሃያ ጡብ ማለት 80 ካሬ ነው። ጥጉን ትተን በዘጠኝ ካሬ ስፋት ብንደረድረው ዘጠኝ ረድፍ ያህል ከፍ ይላል። የመስኮቱን ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው!

«እኔ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ስጋት ወስጄ አላውቅም» አለች እየሳቀች። «እዚህ ላይ ግን እያወቅሁት እጠብቃለሁ። ሁለት ረድፍ አጥፍቼ መትረፍ ስችል፣ አራት ካልሆነ እላለሁ።» አካባቢዋ ያሉት ሁሉ ዝም አሉ። ስንቱ የየራሱን ዱላ አስቦ ይሆን?

ሲስተር፦ «ዓይኔን ስከድን ይወርዳል»

የገርጂ ጎረቤታችን ሲስተር ነርስ ናት። የሌሊት ተረኛ በነበረችበት ዘመን ይህንኑ ጨዋታ በስልኳ ትጫወት እንደነበር ነገረችኝ። የእሷ አስተያየት ስለ ጨዋታው ሳይሆን ከጨዋታው በኋላ ስለሚሆነው ነው። «ጠዋት ቤቴ ገብቼ ዓይኔን ስከድን ጡቡ ይወርዳል። አንድ ቀን መድኃኒት መደርደሪያው ላይ ያሉትን ካርቶኖች አዙሬ እንዴት እንደሚገጥሙ ሳስብ ራሴን ያዝኩት» አለችኝ።

ይህ የእሷ ብቻ ችግር አይደለም፤ በሳይንስም ተመርምሯል። የሃርቫርዱ ሮበርት ስቲክጎልድና ባልደረቦቹ 27 ሰዎችን በሦስት ቀናት ውስጥ ለሰባት ሰዓት ቴትሪስ አጫውተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2000 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አሳትመዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል የሚወርዱ ጡቦች አይተዋል። የሚያስገርመው ከመካከላቸው በአንጎል ጉዳት የተነሳ አዲስ ነገር ማስታወስ የማይችሉ አምስት ሰዎች ነበሩ። ጨዋታውን መጫወታቸውን እንኳ ረስተዋል። ነገር ግን ከአምስቱ ሦስቱ ጡቦቹን አይተዋቸዋል። አእምሮ እኛ የረሳነውን ሥራ ሳይረሳ ይቀጥላል ማለት ነው።

ይኼው ጠባይ ለመልካምም ሊውል እንደሚችል ታይቷል። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ አሰቃቂ ፊልም ካዩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቴትሪስ የተጫወቱ ሰዎች፣ ካልተጫወቱት ይልቅ በቀጣዮቹ ቀናት ያ ምስል ድንገት እየመጣ የረበሻቸው ለጥቂት ጊዜ ነው። ጡቦቹ ምስል የሚቀመጥበትን የአእምሮ ቦታ ስለሚሻሙ ነው ይላሉ። ሲስተር ይህን ስነግራት ትንሽ አሰበችና «እኔም ለካ ያለ ምክንያት አልነበረም» አለች። የሌሊት ተረኛ ነርስ ምን ምን እንደምታይ አልጠየቅኋትም።

ሽማግሌው፦ «ማንን ነው የምታሸንፈው?»

ሁሉም ግን ወዳጅ አይደለም። ገርጂ ፀጉሬን የምስተካከልበት ቤት በር ላይ በጠርሙስ ቆርኪ ዳማ የሚጫወቱ አንድ ጋሼ አሉ። ጨዋታዋን ሳሳያቸው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩና «ተቃራኒህ የታለ?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። «ታዲያ ማንን ነው የምታሸንፈው? ዳማ ላይ ሰው አለ፤ ትበላዋለህ፣ ይበላሃል፣ ትሳደባላችሁ፣ ቡና ትጠጣላችሁ። ይኼ ብቻህን የምትናደድበት ነገር ነው።»

ጋሼ የተናገሩት ከባድ ነገር ነው። የእኛ አገር የአእምሮ ጨዋታዎች በሙሉ ሁለት ሰው ይፈልጋሉ። ገበጣን ውሰዱ። መሬት ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ በጠጠር ወይም በፍሬ የሚጫወቱት ይህ ጨዋታ በየአካባቢው ሕጉ ይለያያል። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያሉትን የገበጣ ዓይነቶች ሰብስበው ሰፊ ጽሑፍ አሳትመዋል። ገበጣም ጭንቅላት ያዞራል። ግን ፊት ለፊትህ የተቀመጠ ሰው ስላለ ስትሸነፍ ያሸነፈህን ታውቀዋለህ።

ብሪክ ጌም ላይ ያሸነፈህ ማነው? ማሽኑ አይደለም፤ እሱ ዝም ብሎ ያወርዳል። ሒሳብ አዋቂዎችም ይህን ሲያጠኑ ቆይተዋል። ሃይዲ በርጊል የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለቱ ጠማማዎች እየተፈራረቁ ብቻ ቢመጡ ማንም ተጫዋች፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ 70 ሺህ ጡብ ሳይሞላ እንደሚሸነፍ አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ በአሜሪካው ኤምአይቲ የነበሩ ሦስት ተመራማሪዎች፣ የሚመጡትን ጡቦች በሙሉ አስቀድመን ብናውቅ እንኳ ምርጡን አደራደር ማግኘት ለኮምፒውተርም እጅግ ከባድ ከሚባሉት፣ አቋራጭ መንገድ ካልተገኘላቸው ችግሮች የሚመደብ መሆኑን አሳዩ። ልጄ «መጨረሻው ምንድን ነው?» ስትል የጠየቀችው እነዚህን ሁሉ ፕሮፌሰሮች ያደከመ ጥያቄ ነው።

አንድ ለየት ያለ ነገር ግን አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 አሜሪካ ውስጥ ኦክላሆማ የሚኖር የ13 ዓመት ልጅ፣ ከቴሌቪዥን ጋር በሚገናኘው የኒንቴንዶ ቴትሪስ 157ኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ጨዋታው ራሱ ቆሞ ቀረ። ለረጅም ጊዜ 29ኛው ደረጃ ከሰው እጅ ፍጥነት በላይ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ልጁ ያሸነፈው ጡቦቹን አይደለም፤ እስኪሰበር ድረስ አብሮት ቆየ እንጂ። ያም ሆኖ ጨዋታው ከወጣ 34 ዓመት ፈጅቷል።

ወንድሜ፦ «ባትሪው አላለቀም ነበር»

በመጨረሻ አሜሪካ ቨርጂኒያ ወደሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ደወልኩ። የጨዋታዋ እውነተኛ ባለቤት እሱ ነው። በቪዲዮ ሳሳየው ጮኸ። ከዚያ ሳልጠይቀው አንድ ነገር ተናዘዘ። «ያኔ ተራህ ሲደርስ ባትሪው አልቋል እልህ ነበር አይደል? አላለቀም ነበር። አንዱን ድንጋይ ገልብጬ እከተው ነበር።»

ስንት ዓመት ሙሉ ያንን ድንጋይ ፀሐይ ላይ ሳሰጣ ኖሬያለሁ! ሳቅን። ግን ቀጥሎ የተናገረው ነው የልጄን ጥያቄ የመለሰልኝ። «እማዬ ያወጣችው ሕግ ትዝ ይልሃል? የተሸነፈ ይስጥ! የምትል። ሰዓት አልነበረንም። ማን ስንት ደቂቃ ተጫወተ ብሎ የሚጣላ አልነበረም። ጣሪያው ሲሞላ ሁላችንም እናያለን፤ ትሰጣለህ። እኔ ከዚህ ጨዋታ የተማርኩት ይኼን ነው። ባትሪ የገለበጥኩትም መስጠቱ ስለከበደኝ ነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አሰብኩበት። የኢንጂነሩም፣ የሒሳብ ሠራተኛዋም፣ የሲስተርም አስተያየት የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ይህች ጨዋታ ከባድ የሆነችው ስለምትሸውድ አይደለም። ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ጡብ እንኳ ጥግ ላይ ታሳይሃለች። ቀዳዳውን የሸፈንከው አንተ ነህ፤ ዱላ የጠበቅከውም አንተ ነህ። ስትሸነፍ የምታሳብብበት የለም፤ ስትሸነፍም አበቃ፣ ለሚቀጥለው ትሰጣለህ። የጋሼ ቅሬታም እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። ተቃራኒው አጠገብህ ተራውን የሚጠብቀው ወንድምህ ነበር።

ዛሬ ከአያት መገናኛ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ስልክ ላይ ያጎነበሰውን ሰው ብታዩ ብዙው የሚጫወተው ያንኑ የጡብና የከረሜላ ድርደራ ነው። ነገር ግን ሕጉ ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን «ካንዲ ክራሽ ሳጋ» ብንወስድ አምስት «ላይፍ» ይሰጥሃል። ስታልቅብህ አንዷ እስክትተካ ግማሽ ሰዓት ትጠብቃለህ፤ አልያም ትገዛለህ። ሌሎቹ ደግሞ ማስታወቂያ ካየህ ከሞትክበት ያስነሱሃል። የሚሸነፍ የለም፤ የሚሰጥም የለም። እያንዳንዱ የራሱን ስልክ ይዞ ተራ የሚባል ነገር ቀርቷል። እኔን ያሰጋኝ ልጄ ጌም መጫወቷ አይደለም፤ መሸነፍ ምን እንደሆነ የማያሳያት ጌም መጫወቷ ነው። የአገራችን ልጆችም ጨዋታ መሥራት ጀምረዋል፤ አዲስ አበባ የተመሠረተው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለውን የስልክ ጨዋታ ሠርቶ አሳይቷል። እንዲህ ያሉ ወጣቶች ይህችን «የተሸነፈ ይስጥ» የምትለዋን ሕግ ቢያስቧት ደስ ይለኛል።

ለሚሞክሯት ጥቂት ምክር

ካርቶናችሁ ውስጥ ብትገኝ ከተጫዋቾቹ የሰበሰብኩትን ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ክምሩን ሜዳ አድርጉት፤ ወጣ ገባ ከሆነ ጠማማዎቹ ሲመጡ ማረፊያ ታጣላችሁ። ሁለተኛ፣ ቀዳዳ ከመሸፈን ከፍ ብሎ መደርደር ይሻላል። ሦስተኛ፣ ዱላ የምትጠብቁበትን ጉድጓድ ጥግ ላይ እንጂ መሐል አትተዉ። አራተኛ፣ ክምሩ ግማሽ ካለፈ አራት ረድፍ መመኘት ትታችሁ በሁለትና በአንድ አራግፉ። አምስተኛ፣ የያዛችሁትን ብቻ ሳይሆን ጥግ ላይ የምትታየውን ቀጣይዋን ጡብ እዩ። እማዬን ብትጠይቁ ደግሞ ስድስተኛ ይጨመር ነበር፦ «ዓይናችሁን ጠብቁ!» የእኔን መነጽር እስከ ዛሬ የምታመካኘው በዚህችው ጨዋታ ነው።

አሁን ቤታችን ውስጥ አንድ ሕግ ወጥቷል። ቅዳሜ ከሰዓት ስልክ ይቀመጣል፣ ብሪክ ጌሟ ትወጣለች፤ የተሸነፈ ይሰጣል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ልጄ ተሸንፋ አኮረፈች። ሁለተኛው ቅዳሜም አኮረፈች። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጣሪያው ሲሞላባት ትንሽ ዝም ብላ መስኮቱን አየችና ዘረጋችልኝ።

«እንካ አባዬ፣ ተራህ ነው። ግን ቅድም እንዳደረግኸው ዱላ አትጠብቅ፤ አትመጣም።»

ጠበቅኩ። እውነትም አልመጣችም። ሰጠኋት።